ቀኑ አልመሽ ሲል፦ ገበያ በቀዘቀዘበት ሺፍት ላይ ስላለ ካሸር የተደረገ ውይይት

ጥያቄውን ያነሣችው ባህር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ካለ ሚኒ ማርኬት የምትሠራ ካሸር ናት። ሺፍቷ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከምሳ በኋላ እስከ 10 ሰዓት ሱቁ ጭር ይላል። ዓቢይ ጾም ሲገባ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ የሚያነሣ ስለማይኖር ጭርታው ይብሳል፤ ወሩ 20 ካለፈ ደግሞ ደመወዝ እስኪወጣ ድረስ የሚገባው ሰው ሳሙናና ክብሪት ይዞ ይወጣል። የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው፦ ሰዓቱ አልሄድ ሲል ምን ይሠራል? ሰው ባልተስተናገደበት ቀን እግር የሚቃጠለው ለምንድን ነው? ሥራ በበዛ ቀን ልክ የሚመጣው ሒሳብ በቀዝቃዛው ቀን ለምን ይጎድላል? ብዙው ሰው ለመጀመሪያው ጥያቄ ተሽቀዳድሞ መለሰ። ክሩን (የምላሾቹን ሰንሰለት) እስከ ታች ማንበብ የሚያስፈልገው ግን ለሦስተኛው ሲባል ነው። ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬያቸዋለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ምላሽ 1፦ የመጀመሪያዋ መላሽ ሥራውን ጠንቅቀው የሚያውቁ እናት ናቸው፤ ልጄ እያሉ ነው የጻፉት። ሺፍቱ በሰዓት ሳይሆን በሥራ ይከፋፈል ባይ ናቸው። ሰዓት የሚያይ ሰው ሐሳቡ ሰዓቱ ላይ ስለሆነ ደቂቃዋ ሁሉ ትቆጠርበታለች። የግድግዳው ሰዓት ከካሸሯ ፊት ተነሥቶ ከጀርባዋ ይሰቀል፤ ስልክም ማያ ገጹ ወደ ታች ተደፍቶ ይቀመጥ። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ላለው ጊዜ 6 ወይም 7 ሥራዎች በብጣሽ ወረቀት ተጽፈው የገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ይለጠፉ፤ እያንዳንዱ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ የሚፈጅ ይሁን። ዋናው ነገር የሥራው መጨረሻ በዓይን የሚታይ መሆኑ ነው፦ አንድ የመደርደሪያ እርከን፣ አንድ ካርቶን፣ አንድ እሽግ ብር። ሱቁን ማጽዳት ብሎ መጻፍ አይረዳም፤ መቼ እንዳለቀ አይታወቅምና። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ የሚጫነው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ስለሆነ የቆሙ ሥራዎች በዚያ ይግቡ፣ ቁጭ ብለው የሚሠሩት ከ9 በኋላ። ደንበኛ ሲገባ ወዲያው ጣል ተደርጎ የሚኬድበት ሥራ ብቻ ይመረጥ። ዘይት መገልበጥ፣ ዱቄት መመዘን፣ ወለል በውሃ ማጠብ በዚህ ሰዓት አይጀመርም፤ እጅ በዘይት ተነክሮ ብር አይቆጠርም።

ምላሽ 2፦ ይህኛው የፈረቃ ኃላፊ ይመስላል። በአሳቡ ተስማምቶ አንድ ቦታ ላይ አረማቸው፦ ካሸር ከመሳቢያው ርቆ አይሠራም። መሳቢያው ተቆልፎ ቁልፉ አንገት ላይ ይሁን፤ የሚሠራውም በሩም መሳቢያውም በሚታዩበት መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ስለ አገልግሎት ማብቂያ ቀን ጻፈ፤ እኔም ቀዝቃዛ ሰዓት ለዚህ ከዋለ ከምንም ይበልጣል እላለሁ። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ በፈረንጅ አቆጣጠር ይታተማል፤ አገር ውስጥ ከሚመረተው ውስጥ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚታተምም አለ። 2018 የሚል ብስኩት ያየ ሰው ስምንት ዓመት ያለፈበት መስሎት ሊጥለው ይችላል፤ ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ ዓ.ም. ወይስ እ.ኤ.አ. መባሉ መታየት አለበት። 03/05/2026 ዓይነት ጽሑፍ ሌላ ችግር ነው፤ የትኛው ቀን፣ የትኛው ወር ነው? እሱ የሚያደርገው የዚያኑ ፋብሪካ ሌላ እሽግ አንሥቶ ከ12 የሚበልጥ ቁጥር በየትኛው ቦታ እንደገባ ማየት ነው፤ ከ12 የሚበልጠው የሚገባበት ቦታ የቀን ቦታ ነው። አንድ ወር ብቻ የቀረው ዕቃ ወደ ፊት ይሳባል፣ ስሙና ብዛቱ በደብተር ይጻፋል፣ ማታ ለባለቤቱ ይሰጣል። አዲስ የገባው ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚደረደረው።

ምላሽ 3፦ ስለ እግር። ከሁሉም ረጅሙ ምላሽ ይህ ነው፤ ርዝመቱም የሚገባው ነው። በቀዝቃዛ ቀን እግር የሚቃጠለው ሰው ስለማይንቀሳቀስ ነው። የባት ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሰው እንደ ግንድ ሲቆም ጡንቻው አይሠራም፣ ደሙ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይጠራቀማል፣ እግር ያብጣል። ገበያ ባለበት ቀን ካሸር ዞር ይላል፣ ዘርጋ ይላል፣ ከረጢት ያነሣል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው አስተናግዶም እግሩ ቀለል ይለዋል። መፍትሔውን በቅደም ተከተል አስቀመጠው። ከባንኮኒው ሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ጣውላ ይደረግ፤ አንዱ እግር እላዩ ይረፍ፣ ትንሽ ቆይቶ በሌላው ይለወጥ። ይህ ወገብንም ያሳርፋል። በየግማሽ ሰዓቱ ባንኮኒውን ይዞ በእግር ጣት 20 ጊዜ መነሣትና መውረድ። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ወፈር ያለ የጎማ ምንጣፍ ያስፈልጋል፤ እሱ ከሌለ የካርቶን ወረቀት 3 ወይም 4 ተደርቦ ይነጠፍ። ካርቶኑ ሲደረብ የአንዱ ሽንሽን በቁመት ከሆነ የሌላው በአግድም ይሁን፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከሆነ በሁለት ቀን ይላሽቃል። ጠርዙ በፕላስተር ይያዝ፣ አለበለዚያ ራሷን ካሸሯን ይጥላታል። ሲሳሳ ይቀየር፣ ውሃ ከነካው በዚያው ቀን ይጣል።

ስለ ወንበርም አክሏል። ዝቅ ያለ ወንበር ለካሸር አይሆንም፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር መነሣት ስላለባት ጉልበቷ ይጎዳል፣ ወይም ሳትነሣ ትንጠራራና ትከሻዋ ይታመማል። የሚሻለው ክርን ከባንኮኒው ጋር እኩል የሚሆንበት ከፍ ያለ በርጩማ ነው። ግን እግር ማረፊያ ከሌለው የበርጩማው ጠርዝ ጭኑን ከሥር ስለሚጫነው እግር ይደነዝዛል፤ ስለዚህ በርጩማና ጣውላው አብረው ናቸው።

ምላሽ 4፦ አመስግና ስለ ጫማ ብቻ ጻፈች። ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ እግር ካበጠ ወዲህ ነው፤ ጠዋት ልክ የነበረው በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ማታ ይጠብባል። ስስ ነጠላ ጫማ ወለሉን በቀጥታ ስለሚያስረግጥ በሴራሚክ ላይ አይሆንም።

ምላሽ 5፦ እዚህ ላይ ቃናው ተለወጠ። ይህ ሁሉ ምክር ለባለሱቁ ነፃ ጉልበት መስጠት ነው አለ አንድ ልጅ፤ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ቲክቶክ ማየት ሰዓቱን ከምንም በላይ ይገፋዋል፣ ደንበኛ ሲመጣ ማጥፋት ነው።

ምላሽ 6፦ የመለሰለት የፈረቃ ኃላፊው ነው፤ አልለዘበለትም። ስልክ ሰዓቱን የሚገፋው ለሚያየው ሰው ነው፤ ቀና ሲል ግን ሱቁ ያው ነው፣ ቀሪው ሰዓትም ካለፈው ይልቅ ይከብደዋል። ከዚያም ወደ ሦስተኛው ጥያቄ የሚያስገባ ነገር ጻፈ። እንግሊዛዊው ኖርማን ማክወርዝ በ1948 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ፤ የተነሣው ራዳር ላይ ከተቀመጡ ጠባቂዎች ችግር ነው። ሰዎች ሰዓት የመሰለ መሣሪያ ፊት ተቀምጠው ቀስቷ አልፎ አልፎ ሁለት እርምጃ ስትዘል እንዲናገሩ ተደረገ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ የሚያመልጣቸው ዝላይ በዛ። የካሸር ቀዝቃዛ ሰዓት ይኸው ነው፦ ረጅም ምንም ነገር የሌለበት ጊዜ፣ ከዚያ ድንገት አንድ ደንበኛ ባለ 200 ብር ይዞ ይገባል። ጉድለቱ የሚፈጠረው እዚያች ላይ ነው። በ20 እና በ25 ደቂቃ ሥራ መቀያየር ያስፈለገውም ለዚህ ነው እንጂ ለባለሱቁ ተብሎ አይደለም።

ምላሽ 7፦ ልጁ ተመልሶ መጣ፤ በመጠኑ በርዷል። ሬዲዮስ ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎ የመጡት ሰዎች ሬዲዮ በሱቁ ውስጥ ለሁሉም በሚሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ ችግር እንደሌለው ተስማሙ፤ ጆሮ ላይ የሚሰካው ግን ደንበኛው የተናገረውን መጠን ስለሚያሳስት ይቅር ተባለ።

ምላሽ 8፦ ስለ ጉድለት። በየሁለት ሰዓቱ ከማሽኑ ዜድ ሪፖርት አውጥቶ ከመሳቢያው ጋር ማስተያየት ነው አለ አንዱ።

ምላሽ 9፦ ይህን ያነበቡ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ተቆጥተው መለሱ፤ እኔም ቁጣቸው አግባብ ነበር እላለሁ። ዜድ ሪፖርት ቀኑን ዘግቶ የዕለቱን ድምር ወደ ዜሮ የሚመልስ ነው፤ በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚያወጣ ካሸር የቀኑን ሒሳብ ይቆራርጠዋል፣ ለግብርም ለባለቤቱም ራስ ምታት ነው። በመካከል የሚወጣው ኤክስ ሪፖርት ነው፤ እሱ ያነብባል እንጂ አይዘጋም። አሠራሩን እንዲህ ዘረዘሩ። ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት መሳቢያው ይቆጠር፤ ከትልቁ ኖት ወደ ትንሹ፣ ድምሩ በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ የመነሻው ዝርዝር፣ ማለትም ሺፍቱ ሲጀመር መሳቢያው ውስጥ የነበረው ብር፣ ይቀነስ። ከዚያ በኋላ ብቻ ኤክስ ይውጣና የጥሬ ገንዘቡ ድምር ይታይ። ቀድሞ ሪፖርቱን ያየ ሰው ሳያውቀው ቆጠራውን ወደዚያ ቁጥር ይስበዋል። ይህ ከ9 ሰዓት ተኩል በፊት፣ የምሽቱ ሰው ሳይገባ ይሠራል፤ ጉድለት ካለም የሚፈለገው በጥቂት ደረሰኞች ውስጥ ስለሆነ ይገኛል። ማታ 2 ሰዓት ላይ በ150 ደረሰኝ ውስጥ መፈለግ ግን የማይሞከር ነው።

ምላሽ 10፦ እሳቸው ራሳቸው የቀጠሉት ነው፤ የጉድለቱ ቁጥር ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል አሉ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል፤ 540 የነበረው 450 ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱ 90 ነው፣ 72 በ27 ቢለወጥ 45 ነው። ልዩነቱ ከአንድ ደረሰኝ ድምር ጋር እኩል ከሆነ በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለ ሽያጭ ማሽኑ ላይ በጥሬ ገንዘብ ተመትቷል ማለት ነው። ልክ 100 ወይም 150 ከሆነ መልስ ሲሰጥ ኖት ተሳስቷል፦ 100 ብር የሰጠው ሰው 200 እንደሰጠ ተቆጥሮለታል፣ ወይም በ50 ፋንታ 200 ወጥቷል። ይህን ክር ያነበበ ካሸር አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሂድ ቢባል እኔ ይህን ምላሽ እመርጥለታለሁ።

ምላሽ 11፦ የመጀመሪያዋ እናት ተመልሰው በአሥረኛው ላይ ጨመሩ። ደንበኛው የሰጠው ኖት መልሱ ተቆጥሮ እጁ እስኪገባ ድረስ መሳቢያ ውስጥ አይገባም፤ በመሳቢያው አናት ላይ ተጋድሞ ይቆያል። 200 ነው የሰጠሁሽ የሚል ከመጣ ኖቱ እዚያው ይታያል። ሱቁ ጭር ባለ ሰዓት የሚገባ፣ በትልቅ ኖት ማስቲካ የሚገዛ፣ መልሱን ከተቀበለ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ኖቴን መልሺልኝ ዝርዝር አለኝ የሚል ሰው ካጋጠመ አንዱ ሒሳብ ሳያልቅ ሁለተኛው አይጀመርም። ካሸሯ የሰጠችውን መልስ በሙሉ ተቀብላ፣ ቆጥራ፣ ከዚያ ነው ኖቱን የምትመልሰው። ችኮላ የሚፈጥረው እሱ ነው፤ ካሸር አትቸኩልም።

በዚያው ላይ ስለ ቴሌብር አንስተዋል። ደንበኛው ከራሱ ስልክ የሚያሳየው መልእክት ማረጋገጫ አይደለም፤ የትናንቱን ማሳየት ይቻላል። የሱቁ ስልክ ላይ የገባው መልእክት ይነበባል፦ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ የግብይት ቁጥሩ። የቁጥሩ መጨረሻ በደረሰኙ የሱቅ ቅጂ ላይ በእስክሪብቶ ይሰፍራል። የሱቁን ስልክ ለጨዋታ አውሎ ባትሪውን የጨረሰ ካሸር ምሽት ላይ ማረጋገጥ አይችልም አሉ፤ ያቺ ወደ ልጁ መሆኗ ግልጽ ነው።

ምላሽ 12፦ ስለ ምግብ። ምሳ ጠግቦ በልቶ 7 ሰዓት ላይ መቆም እንቅልፍ ነው፤ ግማሹ ቀድሞ ይበላ፣ ግማሹ 9 ሰዓት ላይ። ቡና 7 ተኩል ላይ አንድ ስኒ ይረዳል፤ ከ10 በኋላ የተጠጣ ግን የሌሊቱን እንቅልፍ ይነካና የነገውን ሺፍት ያከብደዋል፣ ካፌይን ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋልና። ውሃ ሽንት ቤት ያስኬዳል ተብሎ አይቀነስ፤ የሚተካ ሰው ባለበት ሰዓት ጠጥቶ በዚያው ደርሶ መምጣት ነው። በጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ካሸሮች የቆጠራውን ሥራ ከ9 በፊት ባያደርጉት፣ ቀምሰው ቢያደርጉት ይሻላቸዋል። ቆጠራውን ከ9 ሰዓት ተኩል በፊት ካሉት ጋር ትንሽ ይጋጫል፤ ግን ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ምላሽ 13 እና 14፦ ክሩ እዚህ ሐይቅ ገባ። ጾም ከተነሣ አይቀር፣ በዓቢይ ጾም የጣና ዓሣ በማቀዝቀዣ የሚሸጥ ሱቅ ገበያው እንደማይቀዘቅዝ አንዱ ጻፈ፤ ቆሮሶው ከአምባዛው ቶሎ እንደሚያልቅም ጨመረ። ሌላው ደግሞ ዓሣ ከጾሙ ሕግ ጋር አይሄድም ብሎ ተነሣ። ስድስት ሰባት ሰው ተከተላቸው፣ ግማሹ አባቶችን እየጠቀሰ። ለካሸሮች የሚጠቅመው አንዷ በመካከል የጣለችው ነገር ነው፦ የቀዘቀዘ ዓሣ የሚያነሣ ካሸር እጁን ሳይታጠብ ብርም ስካነርም አይነካም፤ ከረጢቱ ከወረቀት ጋር ከተቀመጠ የደረሰኙን ሮል ያረጥበዋል።

ምላሽ 15፦ አስተባባሪው የጾሙን ክርክር ወደ ሌላ ክር አዛወረው፤ በትሕትና ነው ያደረገው።

ምላሽ 16፦ አንድ ባለሱቅ ገባ፤ ገብቶም ቤቱን አሞቀው። ለመቀመጥ ነው የሚከፈላችሁ፣ ገበያ ከሌለ ካሸሩን ወደ ቤቱ ሸኝቼ ሰዓቱን እቆርጣለሁ፤ የጎደለውንም ከደመወዝ እይዛለሁ አለ።

ምላሽ 17፦ የመለሰችለት የሕግ ነገር የምታውቅ ሴት ናት። አንቱ ብላ ጀመረች፣ እስከ መጨረሻውም አልለቀቀችውም፤ ቃሏ ግን የተሳለ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት ሲል ሠራተኛው ሥራ የሚሠራበትን ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የቆመበትንም ይጨምራል። ስለዚህ ደንበኛ ያልገባበት ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው። መደበኛው በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት አለ። ከደመወዝ መቁረጥ ደግሞ እንዳሻ አይደለም፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ በቀር የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ከሲሶ አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ለጥምቀት ሱቅ ክፍት ለሚያደርጉ ባለሱቆች ይህ የመጨረሻው ይነበብላቸው አለች።

ምላሽ 18፦ ባለሱቁ ተመለሰ። ይቅርታ አላለም፤ ግን የሚረባ ነገር ይዞ መጣ። ሁለት ሠራተኛ ያለበት ሱቅ ካሸሩንና የወለል ሠራተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ቢያቀያይር ሁለቱም ይነቃሉ፤ የሚቀያየሩት ግን መሳቢያው በሁለቱም ፊት ተቆጥሮ፣ በሁለቱም ፊርማ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ጉድለቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ይህን ራሱ ጽፎ ራሱ ችግሩን ስላስቀመጠ ብዙዎች አመሰገኑት። አንዲት ካሸር ግን በየሁለት ሰዓቱ መቁጠር በሥራ ሰዓት አይሞከርም፣ ለያንዳንዱ የራሱ መሳቢያ ቢሰጠው ቆጠራው ይቀራል አለች። ትክክል ናት፤ ማሽኑ በካሸር ለይቶ የሚመዘግብ ከሆነ።

ምላሽ 19፦ አእምሮ ስለሚያነቃ ነገር። ባርኮድ የሌላቸው ዕቃዎች ማለትም ስኳር፣ ምስር፣ ቲማቲም ኮዳቸው በቃል ቢያዝ ሥራው ይፈጥናል። በአንድ ሺፍት አምስት ኮድ ብቻ፤ ወረቀቱን ሸፍኖ ማስታወስ፣ ከዚያ ገልጦ ማረም። እያዩ መደጋገም አይያዝም። ቀጥሎ ቫት በጭንቅላት ማስላት፦ ቫት የተካተተበት ዋጋ በ23 ተካፍሎ በ3 ቢባዛ ቫቱ ይወጣል። 230 ብር ከሆነ ቫቱ 30፣ ዕቃው 200 ነው። የባርኮድ መጨረሻ አሃዝም እንዲሁ ይሰላል። ባለ 13 አሃዙን ከግራ ይዞ የ1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያሉ እስከ 11ኛ ያሉት ይደመሩ፤ ከ2ኛ እስከ 12ኛ ያሉት ተጋማሾች ተደምረው በ3 ይባዙ፤ ሁለቱ ተደምረው እስከሚቀጥለው አሥር ድረስ የጎደለው የመጨረሻው አሃዝ ነው። ለምሳሌ 5901234123457 ላይ የመጀመሪያው ድምር 17፣ ሁለተኛው 22 ሲሆን በ3 ተባዝቶ 66፤ ሁለቱ 83፤ እስከ 90 የጎደለው 7 ነው፣ መጨረሻው አሃዝም 7። በእጅ የተመታ ባርኮድ ማሽኑ አልቀበልም የሚለው በዚህ ስሌት ነው።

ምላሽ 20፦ የባርኮዱን ስሌት አንዱ ጥቅም የሌለው ብሎ አጣጣለው። ስካነር አላነብ ሲል መጀመሪያ የሚሠራው እሽጉን መጥረግ፣ የተጨማደደውን በሁለት እጅ መወጠር፣ ስካነሩን ትንሽ ማራቅ ነው አለ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ምላሽ 21፦ ስለ ክረምት። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ከመንገድ የሚገባው ሰው ለመጠለል እንጂ ለመግዛት አይደለም፤ አትቁሙ ማለት ነውር ነው። በሩ ላይ ካርቶን ይነጠፍ፣ ውሃው ባንኮኒው ድረስ እንዳይገባ። ጃንጥላ፣ ሻማ፣ ቆሎና ብስኩት ወደ ባንኮኒው ይጠጉ፤ የቆመ ሰው የሚያየውን ይገዛል። መብራት ሲጠፋ የተጀመረው ደረሰኝ በባትሪው ጉልበት ይጨረስ፣ ከዚያ ሌላ አይጀመር፤ ግማሽ ላይ የተቋረጠ ደረሰኝ ማታ ጉድለት ሆኖ ይመጣል። የደረሰኝ ሮልም ጭር ባለ ሰዓት ይፈተሽ፦ ጠርዙ ላይ ቀለም ያለበት መስመር ከታየ ሊያልቅ ነው። አዲሱ ሲገባ የትኛው ገጽ ወደ ማተሚያው እንደሚዞር የማያውቅ ሰው በጥፍሩ ጫር ያድርገው፤ የሚጠቁረው ገጽ የሚታተምበት ነው። ተገልብጦ የገባ ሮል ባዶ ወረቀት ያወጣል፣ ሽያጩ ግን ተመዝግቧል፤ በዚያ ሰዓት እንደገና መምታት ሒሳቡን እጥፍ ያደርገዋል።

ምላሽ 22፦ ጠያቂዋ ራሷ ተመልሳ አመሰገነች፣ ካርቶኑንም እንዳነጠፈች ነገረቻቸው፤ አንድ ጥያቄም ጨመረች። 7 ሰዓት ላይ ስትረከብ መሳቢያው ውስጥ ትልልቅ ኖት ብቻ ነው የምታገኘው፤ ከ10 በኋላ ሰው ሲበዛ ዝርዝር ያጥራታል፣ በመልስ ፋንታ ከረሜላ መስጠትም አትወድም።

ምላሽ 23፦ የሒሳብ ሠራተኛው መለሱላት። ለእንዲህ ዓይነት ሱቅ 2,000 ብር መነሻ ቢሆን አከፋፈሉ ይህ ነው፦ ባለ 5 ብር 40፣ ባለ 10 ብር 50፣ ባለ 50 ብር 16፣ ባለ 100 ብር 5። ባለ 200 በመነሻ ውስጥ አይገባም፤ መልስ አይሆንምና። የአንድ ብር ሳንቲም ለብቻው 100 ያህል፣ በየ20 ተጠቅልሎ። ይህን የሚያዘጋጀው የጠዋቱ ካሸር ነው፤ ካላዘጋጀ በርክክቡ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ቀዝቃዛው ሰዓት ላይ ዝርዝር የሚገኘው ከባጃጅ ሾፌሮች ነው፤ ከ8 እስከ 9 ሰዓት እነሱም ቆመው ስለሚውሉ ባለ 10ና ባለ 5 ኖታቸውን በ100 መለወጥ ይፈልጋሉ። የሚለወጠው በሱቁ በር ውስጥ፣ ባንኮኒው ላይ፣ ሁለቱም ወገን እየቆጠሩ ነው፤ የሾፌሩ ተቆጥሮ ሳያልቅ የሱቁ ኖት ከመሳቢያ አይወጣም።

ምላሽ 24፦ ስለ ቲክቶክ የጻፈው ልጅ በሱ ሱቅ አካባቢ ባጃጆቹ በዚያ ሰዓት ሹም አቦ በኩል እንደሚሰለፉ ጻፈላት፤ ከ9 ሰዓት በፊት ብትሄድ ይሻላል፣ ከዚያ በኋላ ተማሪ ሲወጣ ይበተናሉ። የሒሳብ ሠራተኛው ካሸር በሥራ ሰዓት ሱቅ ትቶ እንደማይሄድ፣ የወለሉ ሠራተኛ እንደሚላክ፣ የያዘውም ብር በደብተር ተፈርሞ እንደሚወጣ አረሙት። ልጁም እሺ አለ።